ውሃ ሲነካኝ ያሳክከኛል፦ ጥያቄና መልስ

ገላ ከታጠቡ በኋላ ስለሚመጣ ማሳከክ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከሻወር በወጣሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭኔና እግሬ መርፌ የሚወጋው ያህል ያሳክከኛል። ቆዳዬ ላይ ግን ምንም አይታይም። ቤተሰቦቼ «የሐሳብ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ የሐሳብ አይደለም። በሕክምናው ስም አለው፤ «አኳጄኒክ ፕሩራይተስ» ይባላል። ውሃው ሙቅ ሆነ ቀዝቃዛ ሊያመጣው ይችላል። ብዙ ጊዜ እግርና ጭን ላይ ይብሳል፤ ፊትን፣ መዳፍንና የእግር መርገጫን እምብዛም አይነካም። አንዳንዱን በአስር ደቂቃ ይለቀዋል፣ አንዳንዱን ሁለት ሰዓት ያሰቃየዋል። ሽፍታ አለመኖሩ ደግሞ ሐኪሙ በሽታውን የሚለይበት አንዱ ምልክት ነው። የሚታየው መቅላት ብዙውን ጊዜ ከማከኩ የመጣ ነው። ይህን ለቤተሰብዎ ያንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ትንንሽ እብጠት ይወጣብኛል። አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውሃ በነካው ቦታ የመርፌ ራስ የሚያህሉ እብጠቶች ከወጡ ሌላ፣ እምብዛም የማያጋጥም የቆዳ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ሲያልብዎት ወይም ሲሞቅዎትም ከወጣ ምክንያቱ ውሃው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ከሆነ የሚያስነሳው፣ ሐኪም ሳያዩ አይዋኙ፤ መላ ሰውነት አንዴ ከቀዘቀዘ ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። እብጠቱ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ስለሚጠፋ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ማሳከኩ ከጀመረኝ ዓመት አለፈው። ራሴን ያመኛል፣ ያዞረኛል፣ ፊትህ ቀላ ይሉኛል። አለርጂ ነው ብዬ ሳሙና እየቀያየርኩ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሳሙናውን ይተዉትና ደምዎን ይመርመሩ። ዛሬ ነገ አይበሉ።

ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚባል የደም በሽታ አለ። መቅኔ ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ ያመርትና ደም ይወፍራል። ይህ በሽታ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን ውሃ ሲነካቸው ያሳክካቸዋል፤ አንዳንዶቹን እንዲያውም በሽታው ከመታወቁ ከዓመታት በፊት። ዋናው ስጋት ደም መርጋቱ ነው፤ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ይበሏቸው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ክፍል፣ በወንድ ከ16.5፣ በሴት ከ16 ግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ ያያል። ጃክ-2 የተባለው ጂን ላይ የሚፈጠር ለውጥ ከታማሚዎቹ 95 በመቶ ገደማ ላይ ይገኛል። ሲጋራ ማጨስና ከፍታ ቦታ መኖርም ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይተው አይደንግጡ። በሽታው ከተገኘም መላ አለው፤ በየጊዜው ደም ይቀነሳል፣ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይታዘዛል። አስፕሪኑን ግን በራስዎ እንዳይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የአለርጂ ኪኒን ወሰድኩ፣ ብዙም አልተሻለኝም። ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ ኪኒኑ ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ለብዙው ግን አይበቃም። ለብዙዎች ጥሩ የሚሠራው በቆዳ ሐኪም ክትትል የሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሕክምና ነው፤ ችግሩ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መመላለስ ይጠይቃል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚያዙ ሐኪሞችም አሉ፤ አስም ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩ። ኢንተርኔት ላይ የሚወራለት ቤታ-አላኒን የተባለ ስፖርተኞች የሚወስዱት ማሟያ ጥቂት ሰዎችን ረድቶ ይሆናል፤ እሱ ራሱ ግን ቆዳን ይነዝራል፣ ገንዘብዎን ለማውጣት ባይቸኩሉ እመርጣለሁ።

እርጥበት የሚሰጥ ቅባት ተቀብተው ማሳከኩ ከለቀቀዎት ደግሞ ጣጣው የቆዳ ድርቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ሻወር ፈርቼ መታጠብ እየተውኩ ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ ለብቻሽ አትታገዪው። ጠዋት እየተቻኮልሽ ከመታጠብ ማታ፣ መውጫ በሌለሽ ሰዓት ታጠቢ። ከብዶሽ የዋለ ቀን በእርጥብ ጨርቅ ብብትሽን፣ እግርሽንና የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ ጥረጊ። ቆዳሽን በፎጣ አትፈትጊው፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂም «ያሳክከኛል» ብለሽ አትተይው፤ መታጠብ እስከ መተው እንዳደረሰሽ ንገሪው። እሱን ካልሰማ ቅባት ጽፎ ይሸኝሻል።