አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ የሞተሩ ድምፅ ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ሂትሮው የሚወርዱ አውሮፕላኖች በሚያልፉበት ሰፈር ነው። አንዳንዶቹ ጸጥ ብለው፣ ሌሎቹ እያጓሩ ያልፋሉ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ፣ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረን የሞተሩ ድምፅ በድንገት ቀንሶ አስደነገጠኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን

መልስ፦ ያስደነገጠዎት ብልሽት አይደለም፤ አብራሪዎች ሁኔታው ሲፈቅድላቸው የሚመርጡት አወራረድ ነው። በ35,000 ጫማ ከፍታ የሚበር ጄት ማኮብኮቢያው ላይ ለመድረስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው የሞተሩን ኃይል ወደ ዝቅተኛው መጠን ይቀንሳል። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ለቆ ቁልቁለት እንደሚወርድ መኪና፣ አውሮፕላኑ በከፍታው ባካበተው ጉልበት እየተንሸራተተ ይወርዳል።

የሚያጓሩት ብዙውን ጊዜ በደረጃ የሚወርዱት ናቸው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው እስከተወሰነ ከፍታ ካወረዳቸው በኋላ በአግድም እንዲበሩ ያዛቸዋል፤ በዚያ ዝቅታ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ከመሆኑም በላይ ፍላፑ (ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ከተዘረጋ አየሩ አውሮፕላኑን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ሞተሩ በኃይል መግፋት፣ ነዳጅም ማቃጠል ይኖርበታል። ርቀቱም ልዩነት አለው፦ ከማኮብኮቢያው 15 ኖቲካል ማይል (28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ላይ፣ በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ያለማቋረጥ የሚወርደው ወደ 4,800 ጫማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ አስቀድሞ 3,000 ጫማ የደረሰው ግን በ1,800 ጫማ ያህል ወደ ቤትዎ ይቀርባል።

ታዲያ ሁሉም ለምን ያለማቋረጥ አይወርዱም? ሰማዩ ስለሚጨናነቅ ነው። ክብደታቸውና ዓይነታቸው የተለያየ አውሮፕላኖች የሚመቻቸው ፍጥነት አንድ አይደለም፤ ነፋሱም ይለዋወጣል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በዚህ ረገድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቀላል የሚመስል መረጃ ነው፦ ተቆጣጣሪው ለማረፍ ስንት ማይል እንደቀረ ለአብራሪው ሲነግረው፣ አብራሪው ቁልቁለቱን አስልቶ ሳያቋርጥ መውረድ ይችላል። በብሪታንያ መለኪያ መሠረት በዝቅተኛ ከፍታ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከ2.5 ኖቲካል ማይል ላልበለጠ ርቀት በአግድም የበረ አውሮፕላን ያለማቋረጥ እንደወረደ ይቆጠራል።

በግልጽ ሊነገር የሚገባው ግን ጥቅሙ ለሁሉም ሰፈር እኩል አለመሆኑ ነው። እንደ እርስዎ ራቅ ብለው የሚኖሩት ይጠቀማሉ፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይሎች ግን ሁሉም አውሮፕላኖች ጎማቸውንና ፍላፓቸውን ዘርግተው በአንድ ቁልቁለት ስለሚወርዱ፣ ከማኮብኮቢያው ሥር ለሚኖሩት የሃውንዝሎው ነዋሪዎች ይህ አወራረድ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ለእነርሱ እፎይታ የሚሰጣቸው፣ አውሮፕላኖች ወደ ምዕራብ አቅጣጫ በሚያርፉባቸው ቀናት ሂትሮው ከቀትር በኋላ ማረፊያውን ከአንዱ ማኮብኮቢያ ወደ ሌላው የሚያዛውርበት ፈረቃ ነው።