ስለ ሴስና 172 ሞተር ጠይቁኝ

ዛሬ ስለ ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172 ሞተሮች እመልሳለሁ። የሞዴሉን ፊደልና ዓመቱን (በፈረንጆቹ) ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኛ 172 ኃይል ቀንሷል። ምን ይሆን?
መልስ፦ የትኛው 172? ዓመቱስ?

ጥያቄ፦ ሴስና የኮንቲኔንታልን ሞተር ትቶ ወደ ላይኮሚንግ ለምን ሄደ?
መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለውጡ የመጣው በ1968 ሞዴል ነው። ኮንቲኔንታል ኦ-300 በስድስት ሲሊንደር 145 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ላይኮሚንግ ኦ-320 በአራቱ 150 ሰጠ። ሁለት ሲሊንደር ሲቀነስ አራት ካንዴላና አራት ቫልቭ አብሮ ይቀነሳል። ሜካኒክ የሆነ ሰው ይገባዋል። ደግሞ የላይኮሚንጉ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ከዘይት ቋቱ ስር ነው። ድብልቁ በሞቀው ቋት ውስጥ ስለሚያልፍ በረዶ ቶሎ አይዝም። ጭራሽ አይዝም ግን አላልኩም! እርጥብ አየር ላይ የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?
መልስ፦ ሻጭ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ለምን ይደክማል?
መልስ፦ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ የሚያገኘው ከኃይሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለ160 ጉልበት አስሉት።
አንድ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው ቱርቦ ያለው ናፍጣ የሚሻለው።
ሌላ አባል፦ ናፍጣው ከባድ ነው! ደግሞ በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ያለ ቱርቦ በራለች። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ፣ ሰባት ሲሊንደር።
አንድ አባል፦ እሷ ስንት ሰው ነው የምትጭነው? ሁለት!
መልስ፦ «ፀሐይ» በ2024 ከጣሊያን በመመለሷ ደስ ብሎኛል። አሁን ወደ 172።

ጥያቄ፦ ኤች2ኤዲ ለምን ይፈራል?
መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። የላይኮሚንግ ኦ-320 አንዱ ዓይነት ነው፤ በ1977 ከ172ኤን ጋር መጣ። 160 ጉልበት አለው፤ 80 ኦክቴን ቤንዚን እየጠፋ ስለነበር ለ100 ኦክቴን የተነደፈ ነው። ችግሩ ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሱት ካምሻፍቱና ታፔቱ ላይ ነው። ብዙ ቆሞ በብርድ ሲነሳ ዘይት እስኪደርስ ብረት በብረት ይፋጫል። ላይኮሚንግ ዘይቱ ላይ ልዩ ተጨማሪ እንዲደረግ አዟል፤ እንዳትዘሉት። ሁለቱ ማግኔቶዎችም (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘንግ ነው የሚዞሩት። ዘንጉ ከተሰበረ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለት ማግኔቶ ያስፈለገው አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲያድን አልነበረም? ይህን ንድፍ መቼም አልቀበለውም። ሴስናም በ1981 በ172ፒ ላይ በሌላ ኦ-320፣ በዲ2ጄ ተካው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቱ ሞተር ይሻላል?
መልስ፦ ለምን ሥራ? ሞዴልና ዓመት ጻፉ አልኩ እኮ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። 172ኤን፣ የ1979። ስምንት ወር ቆሞ ነበር።
መልስ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን ልጄ። ያንተው ኤች2ኤዲ ነው። አታስነሱት። የዘይት ፊልትሮውን ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩ፤ የብረት ብናኝ ፈልጉ። ከዚያ የቫልቭ ክዳኖቹን አንሱና የእያንዳንዱን ቫልቭ እንቅስቃሴ ለኩ። ካሙ ከተበላ ቫልቩ በሙሉ አይከፈትም። የስምንቱንም ቫልቭ ቁጥር ይዘህ ተመለስ።