መልስ፦ የውጭ ሳተላይት ቻናል ለምን አይዘጋም?

ወንድሜ፣ "ውጭ ተቀምጦ በሳተላይት የሚሰድበንን ቻናል የኛ መገናኛ ብዙኃን ባለስልጣን ለምን አይዘጋውም" ላልከው፣ ያልሰጠውን ፈቃድ ምኑን ይንጠቀው? እኔ አዘዞ ዲሽ እሰቅላለሁ፣ ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ ሰሃኑን ትንሽ ዞር ሳደርጋት የስንት አገር ቻናል ዝርግፍ ይላል። ስለዚህ ያለው መንገድ ፈቃድ ለሰጠው አገር ተቆጣጣሪ ወይ የሳተላይቱ ድርጅት ላለበት አገር አቤት ማለት ነው፣ እነሱ ደግሞ በራሳቸው ህግ ነው የሚያዩት።

እርስ በርሳቸውም ቢሆን ሁሌ አይስማሙም እኮ። የቻይናውን የቴሌቪዥን ቻናል ሲጂቲኤንን እይ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም "ፈቃድ ያወጣው ድርጅት ይዘቱን የሚመራው እሱ አይደለም" ብሎ ፈቃዱን ነጠቀው፣ ወር ገደማ ቆይቶ የፈረንሳዩ ተቆጣጣሪ ሲኤስኤ "የሚተላለፈው በሳተላይት ድርጅቱ በዩቴልሳት ነው፣ ዩቴልሳት ደግሞ የኛ ነው፣ ስለዚህ በኛ ስር ነው" አለና ቻናሉ በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ገባ በለው 😄

የሞገድ መጠላለፍ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ለምሳሌ መተማ ላይ ኤፍኤም ከሱዳን ጣቢያ ጋር ቢጋጭ የኤፍኤም ሞገድ ለየአገሩ የሚደለድለው እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የጄኔቫ ስምምነት አለ፣ በተባበሩት መንግሥታት የቴሌኮም ድርጅት በአይቲዩ በኩል ተነጋግረው ያስተካክሉታል። ስድብ ግን ፍሪኩዌንሲ የለውማ።