ናይሮቢ ሆስቴል፦ በካርድ ወይስ በካሽ?

ሁለቱንም ያዝ። ናይሮቢ ሆስቴል ስገባ በካርድ ልክፈል ወይስ በካሽ ላልከው፣ የአልጋውን ሂሳብ በካርድ ክፈል፤ ካሹ መጠባበቂያ ይሁንህ።

እዚህ ደብረ ብርሃን ብር የምታወጣበት ተራ የኤቲኤም ካርድ ግን እዚያም ይሠራል ብለህ እንዳትሄድ። ፓስፖርትና ቲኬትህን ይዘህ ባንክህ ግባና በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ጠይቅ። ሆስቴሉ ስትከፍል የካርድ ማሽኑ «ዶላር ወይስ ሽልንግ?» ካለህ የኬንያውን ሽልንግ ምረጥ። ዶላር ካልክ በራሱ ተመን ይመነዝርብሃል፤ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ለመጠባበቂያ የምትይዘውን የዶላር ካሽ ስትቀበል አንድ በአንድ እያገላበጥክ እይ። የእኔ መቶ ዶላር ጥጉ ላይ ትንሽ ተቀዶ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ። እኩለ ሌሊት ነበር፤ ሌላ ገንዘብ አልያዝኩም። አዲስና ንጹሕ ኖት ብቻ ያዝ፤ መጽሐፍ መሃል አድርገው፣ እንዳይታጠፍ።