በር ላይ ያስጠበቅሁት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣሁ የጎረቤቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ኢንተርንሺፕ ፍለጋ ሦስት ፋብሪካ ዞራለች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ አምጪ ይሉኛል። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ቦታ ሞልቷል ይሉኛል። በእናንተ ጊዜም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ አልነበረም» አልኳት።

ዋሸኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እሷን ለመሰላችሁም ነው።

ሠላሳ ዓመት ግድም እዚሁ ድሬዳዋ በፋብሪካ ጥገና ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በኃላፊነት። «ደብዳቤ አምጡ» ከሚሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሁለት ተመራቂ ተማሪዎች የቦይለራችንን፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ማሽን፣ ውሃ እናጥና ብለው መጡ። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ ማንቆርቆሪያ ጥቂት ወር ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይለብሳል። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያስተከለልን ድንጋይ፣ ውሃችንን ደግሞ እንዲህ አደረገው። ያው ቅርፊት ቦይለር ውስጥ ሲገባ ቱቦው ላይ ይጋገራል። እሳቱ ውሃውን ማሞቅ ያቅተዋል፤ ፈርነሱ፣ ማለትም ነዳጁ፣ በከንቱ ይነድዳል። ብረቱ ራሱ ይግላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ሶፍትነር የሚባል ዕቃ አለ። ውሃው ሬዚን በሚባሉ ትንንሽ እንክብሎች ውስጥ ያልፍና ቅርፊት የሚሠሩትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ጥሎ በምትኩ ሶዲየም ይዞ ይወጣል። ሬዚኑ ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታጠባል። እኛ በየእሑዱ እናጥብ ነበር። እሑድ ይሁን ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹን ሦስት ሳምንት ካመላለስኳቸው በኋላ አስገባኋቸው። በየሺፍቱ በትንንሽ ጠርሙስ ውሃ እየቀዱ ሄዱ። ከቦይለር ኦፕሬተሩ ጋር ሲያወሩ አያቸዋለሁ፤ ሥራ ያስፈቱታል ብዬ ተናድጃለሁ።

ግንቦት ላይ አንደኛው ጽሑፉን አስጠርዞ ይዞ መጣ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያስረዳኝ ዘንድ ፈለገ። ስብሰባ ላይ ነው በሉት አልኩ። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ አልቆ ነበር። ልጁ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመ። በግንቦት! በድሬ! በመጨረሻ ጽሑፉን ለጥበቃው ሰጥቶ ሄደ።

ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ስልሳ ምናምን ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። መጀመሪያው ግማሽ ቦይለር ምን እንደሆነ ያብራራል። ለእኔ! መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሰባት ወር ቆይቶ አንድ ሌሊት የቦይለሩ ቱቦ ተሰንጥቆ ሄደ። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ፋብሪካው ግን ዘጠኝ ቀን ቆመ። የቦይለሩን የቆየ ወረቀት ስፈልግ ያ ጽሑፍ እጄ ገባ። ገጽ 43 ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ውሃው ንጹሕ ነው። ሐሙስ ቅርፊት ሠሪው ብቅ ይላል። ቅዳሜ ከጉድጓድ ከወጣው ውሃ ብዙም አይለይም። ምክንያቱንም ጽፈውታል፦ ፋብሪካው በአንድ ፈረቃ ሲሠራ የእሑዱ እጥበት ይበቃ ነበር። ሦስት ፈረቃ ከሆነ ወዲህ የሚያልፈው ውሃ በዝቷል፣ እጥበቱ ግን እዚያው እሑድ ላይ ቀርቷል። መፍትሔው ቀን መቁጠር ትቶ የውሃ ቆጣሪ እያዩ ማጠብ ነው። ወጪው ጨው ነው። ጨው!

ኦፕሬተሩ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ይበልጡኛል።

«ያውቁ ነበር?»

«አዎ። ለልጆቹ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

ልጁን አፈላለግኩት። ጂቡቲ ሄዷል አሉኝ።

ሰዎች ፋብሪካ ተማሪ የማያስገባው ምስጢሩ እንዳይወጣ ነው ይላሉ። ምን ምስጢር አለንና? እኔ የፈራሁት ስህተቴ በወረቀት እንዳይቀመጥ ነው። በር ላይ የሚያቆሟችሁ ብዙዎቹም ይህንኑ እንደሚፈሩ እጠረጥራለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ዩኒቨርሲቲያችን የተከፈተው በ1999። በመሃሉ ከመቶ ዓመት በላይ የዚህ ከተማ የምህንድስና ትምህርት ቤት የባቡሩ ጋራዥ ነበር። አባቴ ብረት የለመዱት እዚያ ነው፤ መፍቻውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠሩት። ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ የያኔው አለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከአሜሪካ የመጡ የኦክላሆማ ሰዎች ሲያቋቁሙት ማስተማሩን፣ ምርምሩንና ገበሬውን አንድ ላይ አስረው ነው። የእርሻው ሰው ማሳ መርገጥ ነበረበት። እኛ ፋብሪካዎች ግን ማንም ማሳችንን እንዲረግጥ አልፈለግንም።

ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ስለሚፈራረሙት መግባቢያ ሰነድ አትጠይቁኝ። በሥራ ዘመኔ ሦስቱ ሲፈረሙ ነበርኩ፤ ባነር፣ ፎቶ፣ ምሳ። አንዱም አንድ ጠርሙስ ውሃ አላስቀዳም።

ውጤታችሁን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ስንት ብር እንደሚያድን ጭምር ጽፋችሁ ኑ። ያ ልጅ ገጽ 43ን ብቻ ቢያመጣልኝ አነብ ነበር። አነብ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከሥራ አስኪያጁ በፊትም ማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሰው ተዋወቁ። ሲያወራ ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ይህ ነገራችሁ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቶሎ ይከፋችኋል። ሁለቴ ከተመለሳችሁ ቲክቶክ ላይ «አገሩ አይሆንም» ነው። ትንሽ ታገሱ እንጂ። ግን ያ ልጅ አራት ሰዓት ታግሷል፤ ምን አተረፈ? ስለ ትዕግሥት መምከሩ ለእኔ አይሆንም፤ ተውት።

ትናንት ለጎረቤቴ ልጅ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ አራተኛው ፋብሪካም ደብዳቤ እንደጠየቃት ነገረችኝ። የእኔው ፋብሪካ ነው። ሰኞ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ እንገናኝ ተባብለናል። ጥበቃው ያው የድሮው ሰውዬ ከሆነ ያስታውሰኛል። ካላስታወሰኝ ደግሞ ቆርቆሮው ሥር አብረን እንቆማለን።