ላም ነክታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጆች፣ የእንስሳት ሐኪም መሆን እንፈልጋለን ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ይህን እጠይቃችኋለሁ፤ ላም ነክታችሁ ታውቃላችሁ?

ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የእንስሳት ጤና ኬላ ነበርኩ። አንዲት እናት መብላት ያቆመች ላም እየነዱ መጡ። ትኩሳቷን ለካሁ፤ 38.5። የጤነኛ ላም ሙቀት ነው። ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም መርፌ ላዘጋጅ ተነሳሁ። ዕድሜውን ከብት ሲያክም የኖረው የኬላው ረዳት እጄን ያዘኝ። መዳፉን በላሟ ግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ጎድጎድ ካለው ቦታ ላይ አሳረፈና ዝም አለ። ከዚያ «ና፣ ንካ» አለኝ። የጤነኛ ላም ጨጓራ በደቂቃ አንዴ ሁለቴ መዳፍን ገፋ ያደርጋል። የእሷ ቀጥ ብሏል። ወደ ሴትየዋ ዞሮ «እማማ፣ ትናንት ምን በላች?» አላቸው። ለካ ሌሊት ከበረት ወጥታ የስንዴ ጆንያ ላይ ነው ያደረችው። እህሉ ሆዷ ውስጥ ቦክቷል። የእኔ መርፌ ምንም አይፈይድላትም ነበር።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። አቅራቢያችሁ ያለውን ኬላ ፈልጋችሁ በገበያ ቀን ሂዱ። የክትባት ዘመቻ ሲኖር «ላግዝ» በሉ። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሥራ ከብት መያዝ፣ ዕቃ ማጠብ፣ መዝገብ መጻፍ ነው። አትናቁት። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው መንደር ለመንደር ዞረው ከብት ይዘው በከተቡ ሰዎች ድካም ነው። ደግሞም ከብት የያዘ ሰው አተነፋፈሷን፣ ጆሮዋን፣ የምትሸሸውን ጎን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ውሻና ድመት ማከም ከመጀመራችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ውሰዱ። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚፈሰው ከብት ካያችሁ ደግሞ አትክፈቱት፤ ባለቤቱም ቆዳውን እንዳይገፈው ለምኑት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተከፈተ ተህዋሲው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

ደብተርም ያዙ። ትኩሳቱን፣ ባለቤቱ ያለውን፣ እናንተ የገመታችሁትን ጻፉ። ከዚያ እባካችሁ ተመልሳችሁ እንስሳዋን እዩአት፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህንን ነው። እኔ ያቺን ላም በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ አየኋት። አጥር ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። መዳፌን ጎኗ ላይ አሳርፌ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ።