በድንጋይ ቅርጽ ባሕር ዳር ላይ እንጀራ ይበላል?

እህቴ፣ «ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ድንጋይ መቅረጽ ይዟል፤ ባሕር ዳር ላይ በዚህ ሙያ መኖር ይቻላል ወይ?» ላልሽው፣ ብዙ ዓመት የኖርኩበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። ግን መጀመሪያ ገንዘቡ የሚመጣው ከኤግዚቢሽን ሳይሆን ከመቃብር ሐውልት፣ ከጽሑፍ ቀረጻና ከጥርብ ድንጋይ ነው። ጀማሪዎች ይህን ሥራ ሲንቁት ያናድደኛል። እጅ የሚፈታው እኮ እዚያ ነው! «ጸ»ን ጠርዙ ሳይፈርስበት የቀረጸ ልጅ፣ ጣትና ከንፈር ላይ ሲደርስ አይደናገጥም።

የኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። ጢስ አባይ የሚወርድበት ገደልም ይኸው ነው። ጥንካሬው አይጣል ነው፤ ከባሌስትራ የተሠራ መሮ ቶሎ ይዶለድምበታል። ስለዚህ ወንድምሽ ጫፉ ካርባይድ (ከብረት የሚጠነክር ቅይጥ) የሆነ መሮ ይግዛ። ድንጋይ ሲመርጥ በመዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጥ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ቀዳዳ የበዛበትን ለትልልቅ ቅርጽ ይተወው፤ የዐይን ቆብ አያወጣም።

ደግሞ ይህ ድንጋይ አንድ የምወድለት ነገር አለው። የተወቀረው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ በውኃና በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለው ይጠቁራል። ቀለም ሳይነካ፣ በዚህ ልዩነት ብቻ ፊትን ከነጠላው መለየት ይችላል። ይህን በትንሽ ቁራጭ ደጋግሞ ይሞክር።

ድንጋዩን ከካባ (ድንጋይ ከሚወጣበት ቦታ) ይግዛ እንጂ ከጣና ዳር አያንሳ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ ነው፤ ባይመዘገብም ዳርቻው መነካት የለበትም።

ዋጋ ሲነጋገር ክብደቱን አይርሳ። በሦስቱም በኩል ግማሽ ሜትር የሆነ ድፍን ጥቁር ድንጋይ ከ350 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። የመኪናውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የመቁረጫ ዲስኩን ወጪ ሳይደምር ከተስማማ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያም ሳይቀበል መዶሻ አያንሳ።

ከሁሉም በላይ አቧራው! በግራይንደር ሲቆርጥ ደህና ማስክ ያድርግ፣ መነጽርም እንዲሁ። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ማስክ አይደለም። ሳምባ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቅርጻ ቅርጽ ያስተምራል። ለመግባት ንድፍ መቻል ስለሚያስፈልግ ከአሁኑ በየቀኑ በእርሳስ ይሣል።

እስካሁን የሠራውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ከፊት ብቻ አይሁን፤ ከጎንና ከኋላም አንሺው፤ የቀራጭ ችሎታ ይበልጥ የሚታወቀው በዚያ በኩል ነው።